የታገደው ምኑ ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሦስት አባባሎችን ሰምቷል፤ ራሱም ብሏቸዋል። «ፌስቡክ ታገደ።» «ፌስቡኬ ታገደ።» «ፌስቡክ አገደኝ።» ግሱ አንድ ነው፤ የሆነው ነገር ግን ሦስት ነው። የመጀመሪያው የአገር ጉዳይ ነው፤ ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው እንደቆዩበት ዓይነት። ሁለተኛው የአንድ ሰው አካውንት ነው፤ ማን እንደዘጋው አይናገርም። ሦስተኛው ኩባንያውን በስም ይጠራል፤ ያገደው ምኑን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ግን አሁንም አልታወቀም። ጽሑፉን ነው? መጻፍ ከልክሎት ነው? አካውንቱን ጨርሶ አጥፍቶት ነው?

የኢንተርኔት ቅጣት ወደ አማርኛ የገባው በዚህ ዓይነት ጭጋግ ውስጥ ነው። «ታገደ» ሁሉን ጠቅልሎ ያዘ፤ ለቀረው «ባን»፣ «ብሎክ»፣ «ሪሙቭ»፣ «ሪፖርት» ደረሱለት። የተውሶ ቃል መግባቱ አያስከፋኝም፤ የሚያሳስበኝ ከቃሉ ጋር ልዩነቱ አለመግባቱ ነው። «ባን ተደረግኩ» የሚለው ሰው ለአንድ ቀን መጻፍ ተከልክሎ ይሆናል፤ ወይም የአሥር ዓመት ፎቶውንና ደብዳቤውን ለዘለዓለም አጥቶ ይሆናል። ሰሚው መለየት አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ተናጋሪውም አይለይም።

ይህ የሆነው ቋንቋው ደሃ ሆኖ አይደለም። አማርኛ በቅጣት ስም የከበረ ቋንቋ ነው። ቤተ ክህነቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ዕድሩና ማኅበሩ ለየቅጣቱ ለየብቻ ስም ሰጥተው ኖረዋል፤ በጎጃም ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይታያል። ስለዚህ የቅጣት ስሞችን መዝገብ ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ከፍርድ ቤት እንነሣ፤ ምክንያቱም «ታገደ» የተገኘው ከዚያ ነው። ከ1958 ጀምሮ ሲሠራበት በኖረው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እግድ ቅጣት አይደለም። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ንብረቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይፈርስ፣ ለሌላ እንዳይተላለፍ የሚሰጥ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ነው። የመሬት ክርክር ያለበት የጎዛምን ወይም የማቻከል ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። «እግድ አወጣሁበት» ሲል «ፈረድኩበት» ማለቱ አይደለም፤ «ፍርድ እስኪሰጥ እጁን ያዝኩት» ማለቱ ነው። እግድ ይጸናል ወይም ይነሣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ ቁጥር 1156/2011፣ ቃሉን በዚሁ መንፈስ ይይዘዋል፦ አሠሪ ጥፋት ለማጣራት ሠራተኛውን ከ30 የሥራ ቀናት ላልበለጠ ጊዜ ከሥራ ማገድ ይችላል፤ ከዚያ ሠራተኛው ወይ ይመለሳል ወይ ይሰናበታል። የታገደና የተሰናበተ ሠራተኛ አንድ አይደሉም፤ ሚስቱም ጎረቤቱም ይለያቸዋል። በመገናኛ ብዙኃንም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2013 የአዲስ ስታንዳርድ ፈቃድ ታግዶ በሳምንት ገደማ እገዳው ሲነሣለት፣ የሆነው እገዳ ነበር፤ ስረዛ አልነበረም። ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

እንግዲህ «እገዳ» በልኩ ሲያዝ ሁለት ነገር ይዟል፦ ጊዜያዊነትንና ገና ያላለቀ ጉዳይን። አካውንቱ ለዘለቄታው የተዘጋበት ሰው «ታገድኩ» ሲል ታዲያ ቋንቋው ራሱ ተስፋ ይሰጠዋል፤ «ይነሣል» ብሎ ይጠብቃል። ይህ ባዶ ጭንቀት አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ አካውንቱን ያገደበት ሰው በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላለ አካውንቱ ለዘለቄታው ይዘጋል። እዚህ ላይ «ታገደ» ትክክለኛ ቃል ነው፤ ቀነ ገደብ ያለው፣ ገና ያላለቀ ነገር ነውና። ከ180 ቀን በኋላ ግን ትክክለኛው ቃል «ተዘጋ» ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ሰው የመጀመሪያው መቼ ወደ ሁለተኛው እንደተሻገረ ሳያውቅ ቀኑ ያልፍበታል።

ከእገዳ በታች ያለው ቅጣት ደግሞ እገዳ መባል የለበትም። ፌስቡክ ከየካቲት 2015 ወዲህ በሚከተለው ሥርዓት አብዛኛው ጥፋት በመጀመሪያ የሚያስከትለው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ሰባተኛው ስትራይክ፣ ማለትም የጥፋት ምልክት፣ ሲመዘገብ ሰውየው ለ1 ቀን መለጠፍ ይከለከላል፤ በስምንተኛው ለ3 ቀን፣ በዘጠነኛው ለ7 ቀን፣ በአሥረኛው ለ30 ቀን። ስትራይኩ ዓመት ሲሞላው ይወድቃል። በነዚህ ቀናት ሰውየው አካውንቱን ይከፍታል፣ ያነብባል፤ የተከለከለው መለጠፍን የመሰለ ይዘት መፍጠር ብቻ ነው። ይህን «ገደብ» ብንለው ይስማማዋል። ዩቲዩብ በበኩሉ ማስጠንቀቂያን ከስትራይክ ይለያል። ማስጠንቀቂያው ይቀድማል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ስትራይክ ለ1 ሳምንት፣ ሁለተኛው ለ2 ሳምንት ቪዲዮ መጫን ይከለክላል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የሞላበት ቻናል ይጠፋል። የዩቲዩብ ሰዎቻችን «ስትራይክ ገባብኝ» ይላሉ። ቃሉ እንዳለ ቢቀመጥ እመርጣለሁ፤ የሚቆጠር፣ የሚጠራቀምና ጊዜው ሲደርስ የሚወድቅ ነገር ስለሆነ «ማስጠንቀቂያ» ቢባል ከእውነተኛው ማስጠንቀቂያ ጋር ይምታታል።

«ገደብ» ላይ አንድ እንቅፋት እንዳለ መናገር ግን ይገባል። በወንጀል ችሎት «ሁለት ዓመት ተፈርዶበት በገደብ ተለቀቀ» ሲባል የተገደበው ቅጣቱ ነው፤ ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኢንተርኔት «ገደብ ተጣለበት» ሲባል የተገደበው ሰውየው ነው። ቃሉ በሁለቱ ቦታ ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። መፍትሔው ቃሉን መጣል አይደለም፤ ምኑ እንደተገደበ መጨመር ነው። «ለ7 ቀን እንዳይለጥፍ ተገደበ» ያለ ሰው አያሳስትም።

የወንጀል ሕጉ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚለይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1996 የወጣው ሕግ ቀላል እስራትን ከጽኑ እስራት ይለያል፤ ተግሣጽንና ወቀሳን ያውቃል፤ ከመብት መሻርን ከእስራት ለይቶ ያስቀምጣል። ከሁሉ በላይ የምወድለት በይቅርታና በምሕረት መካከል ያኖረውን ድንበር ነው። በይቅርታ ቅጣቱ ይቀርለታል ወይም ይቀንስለታል፤ ጥፋተኛ መባሉ ግን በመዝገቡ ይቆያል። በምሕረት ጥፋቱ ራሱ እንዳልነበረ ይሆናል። የይቅርታ አዋጅ በ2006፣ የምሕረት አዋጅ በ2010 ለየብቻቸው የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። ሰውየው ይግባኝ ብሎ ጽሑፉ ተመለሰለት እንበል። ስትራይኩስ ተሰረዘለት ወይስ በመዝገቡ ቀረ? ኩባንያው «ተሳስተናል» ካለ ሁለቱም ይነሣሉ፤ ዓመት ሞልቶት ስትራይኩ የወደቀለት ሰው ግን ቅጣቱ አለፈለት እንጂ ንጹሕ ተባለ ማለት አይደለም። «ተመለሰልኝ» የሚለው ቃል ይህን አይለይም። «ተሽሮልኝ» እና «ጊዜው አልፎልኝ» ግን ይለዩታል፤ ሁለቱም የኛው ናቸው።

የቤተ ክህነቱ መዝገብ ከዚህም የጠለቀ ነው። ዋሸራንና ዲማን፣ የቅኔውን አገር የሚያውቅ አንባቢ ግዝትን ከውግዘት ያለ ችግር ይለያል። ግዝት ወደ ፊት የሚያይ ነው፦ «ይህን እንዳታደርግ» ብሎ በእግዚአብሔር ስም ያስራል፤ ካህን በተጣሉ ቤተሰቦች መካከል ገብቶ «ደም እንዳትመላለሱ» ብሎ የሚገዝተው እንዲህ ነው። ሰውየው ገና ምንም አላደረገም፤ ቢያደርግ ነው ፍርዱ። ውግዘት ደግሞ ወደ ኋላ ያያል፦ የተደረገውን አይቶ ሰውየውን ይለያል። ክህነትን መያዝ ሌላ ነው፣ ክህነትን መሻር ሌላ፣ ከምእመናን አንድነት መለየት ደግሞ ሌላ ነው። በጥር 2015 ቅዱስ ሲኖዶስ ያለ ፈቃዱ ሹመት የሰጡትንና የተሾሙትን ጳጳሳት ሲያወግዝ፣ አገሩ ሁሉ የተከራከረው ስለ ድርጊቱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ቃሎቹም ነበር። ተለዩ ወይስ ታገዱ? ሥልጣናቸው ተያዘ ወይስ ተነሣ? በስምምነት የመመለሱ መንገድም በቃሎቹ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2010 የአገር ቤቱና የውጩ ሲኖዶስ ሲታረቁ በመግለጫው ትልቁ ቦታ የተሰጠው ውግዘቱ በሁለቱም ወገን መነሣቱ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ መለያየት የሚቋጨው የታሰረው ነገር በስሙ ተጠርቶ ሲፈታ ነውና።

ስለዚህ ይመስለኛል በኢንተርኔት ደንብ ላይ ያለው ትልቁ ብዥታ ግዝትና ውግዘት የሚለያዩበት ቦታ ላይ ያለው። «ይህ ዓይነት ጽሑፍ የተከለከለ ነው» የሚለው ደንብ ወደ ፊት የሚያይ ነው፤ «ይህን ጽፈሃልና ተቀጥተሃል» የሚለው ወደ ኋላ። ሁለቱንም «ተከልክሏል» ብለን ስንጠራቸው ሰውየው ደንብ እንደተነገረው ወይም ፍርድ እንደተፈረደበት አያውቅም። ግዝትን ከግዞት የሚለየውም አንዲት ድምፅ ብቻ መሆኗን አንባቢ ያስተውል፤ አንደኛው አንደበትን ያስራል፣ ሌላኛው እግርን ወደ ሩቅ አገር ይወስዳል።

ግዞትን ካነሣን ጎጃም የራሷ ምስክር አላት። የአቸፈሩ ደራሲ አቤ ጉበኛ በ1955 ያሳተሙት «አልወለድም» ከገበያ ተሰብስቦ ታገደ። ደራሲው ራሳቸው ደግሞ በኋላ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጎሬ ተጋዙ። እዚህ ሁለት ቅጣት አለ፤ አንዱ በመጽሐፉ ላይ፣ ሌላው በሰውየው ላይ። የታገደ መጽሐፍ ጸሐፊ ነጻ ሆኖ ሊውል ይችላል፤ የተጋዘ ጸሐፊ መጽሐፉ በየቤቱ ሊነበብ ይችላል። የዚያ ዘመን ሰው ሁለቱን አያደባልቅም ነበር። ቤተ መንግሥቱም አያደባልቅም፦ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ከጎጃም ገዢነታቸው ሲነሡ ሹመታቸው ተሻረ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፣ እሳቸውም ታሰሩ፤ ከ1933 በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ በቁም እስር ቆዩ። ሥልጣን፣ ሀብትና አካል፤ ለሦስቱም የተለየ ግስ አለ። ዛሬ የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪነቱን የተነጠቀ ሰው «ተሻረ» ነው፤ ከዩቲዩብ የሚያገኘው ገቢ የተቋረጠበት «ገቢው ተቋረጠ» ነው፤ ቻናሉ የጠፋበት ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱንም «ባን ተደረገ» ማለት ራስ ኃይሉን «ተቀጡ» ብሎ እንደ መተው ነው።

ጽሑፍን ከሰው መለየት በኢንተርኔት ከሁሉ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ብዙ የፖለቲካ ወሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ ጽሑፍ ለአመፅ ያነሣሣል ብሎ አነሣው። ጽሑፉ ተወገደ፤ ገጹ አልተዘጋም፤ ሰውየውም አልታገዱም። «ፌስቡክ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አገደ» ያለ ሰው ዜናውን አልተናገረም፤ ሌላ ዜና ፈጠረ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሰኔ 9፣ 2013፣ አገር አቀፉ ምርጫ ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ 65 አካውንቶችን፣ 52 ገጾችን፣ 27 ግሩፖችንና 32 የኢንስታግራም አካውንቶችን ማጥፋቱን አስታወቀ፤ ሥራውንም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያያዘው። እዚያ የተቀጣው ቃል አልነበረም፤ ሐሰተኛ ማንነት ይዞ በኅብረት መሥራት ነበር። ጽሑፎቹ አንድ በአንድ ቢታዩ ብዙዎቹ ንጹሕ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። «በጻፉት ታገዱ» እና «በተደራጁበት መንገድ ተወገዱ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው።

የአንድ ጽሑፍ ዕጣ ምን ያህል ሊወሳሰብ እንደሚችል የራያ ቆቦው ጉዳይ ያሳያል። በሐምሌ 2013 አንድ ሰው ራያ ቆቦ ላይ ተፈጸመ ስለተባለ ወንጀል በአማርኛ ጻፈ። አውቶማቲክ ሥርዓቱ ጠቆመው፤ ገምጋሚ አየውና አስወገደው፤ ጸሐፊው ይግባኝ አለ፤ ሁለተኛ ገምጋሚ አጸናው። ከዚያ ጉዳዩ የኩባንያውን ውሳኔዎች ወደሚመረምረው የሜታ ቁጥጥር ቦርድ ሲሄድ ሜታ ራሱ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ነሐሴ 21፣ 2013 ጽሑፉን መለሰው። በታኅሣሥ 2014 ግን ቦርዱ የመጀመሪያውን ማስወገድ አጸና። ተጠቆመ፣ ተወገደ፣ ይግባኝ ተባለ፣ ጸና፣ ተመለሰ፣ እንደገና መወገዱ ጸና። ስድስቱም ግሶች አማርኛ ናቸው፣ ስድስቱም ችሎት ላይ የኖሩ ናቸው። ታሪኩን በሙሉ የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ «ታገደ» ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግርም።

ያለ ስም የቀረ ቅጣትም አለ፤ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ኩባንያው ጽሑፉን አያነሣም፣ ሰውየውን አያግድም፤ ጽሑፉ የሚደርሳቸውን ሰዎች ብቻ ይቀንሳል። ሰዎች «ሪች ቀነሱብኝ» ወይም «ገጼን አፈኑት» ይላሉ። «ማፈን» ከባድ ቃል ነው፤ በዚህ አገር ሰው ታፍኗል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እዚህ ላይ መዋሉ ሁለቱንም ያረክሳል። «ሥርጭቱ ተቀነሰ» ቢባል ልኩን ይይዛል፤ ያም ሆኖ እውነት ተቀንሶ እንደሆነ ሰውየው በእርግጠኝነት ላያውቅ ይችላል፤ አንባቢ የራቀው ጽሑፉ ስላልማረከው ሊሆንም ይችላልና። ያልተረጋገጠን ነገር በተረጋገጠ ግስ መናገር ደግሞ ሐሰት ነው።

አማርኛ የሚሰጠን ምቾት እዚህ ይፈትነናል። «ተዘጋ»፣ «ታገደ»፣ «ጠፋ» ስንል አድራጊውን መናገር አያስፈልገንም። በጎጃም ይህ ክፍተት ትልቅ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በነዚያ ወራት ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቢቸና ድምፁ የጠፋ ሰው አካውንቱ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል፤ መስመር አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈርቶ ራሱ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ ተወስዶበት ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ያለው ወንድሙ «ገጹ ጠፋ» ሲል ከነዚህ ሁሉ የትኛውን እንደሚፈራ አይታወቅም። አድራጊውን መጥራት እዚህ ላይ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም፤ ሰው ለማን እንደሚጮኽ የሚወስን ጉዳይ ነው። ኩባንያ ከዘጋው ይግባኝ፣ ሌባ ከያዘው የይለፍ ቃል፣ መስመር ከተቆረጠ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሚፈለገው።

«ሪፖርት አደረግነው» የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሪፖርት ጥቆማ ነው፤ ፍርድ አይደለም። ብዙዎች ተሰብስበው አንዱን «በሪፖርት አስዘጋነው» ይላሉ፤ በተቃራኒው ደግሞ አደገኛ ጽሑፍ የጠቆመ ሰው ጠቁሟልና የተወገደ ይመስለዋል። በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ የተገደሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የመዓርግ አማረ ልጅ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ በሜታ ላይ የመሠረተው ክስ መሃሉ ይኸው ነው፦ በአባቱ ላይ የወጡት ጽሑፎች ተጠቁመው ነበር፣ በጊዜው አልተወገዱም የሚል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ጉዳዩን ማየት እንደሚችል ወስኗል። በመጠቆምና በመወገድ መካከል ያለው ርቀት በሰው ሕይወት የሚለካ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። የራሳችን ሕግም ርቀቱን አስቦታል፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያስወግዱ ያዝዛል። በዚሁ አዋጅ ጸሐፊው እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ካሠራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። እንደገና፣ ጽሑፉ ይወገዳል፣ ሰውየው ይቀጣል፤ ሁለት ነገር፣ ሁለት አካል፣ ሁለት ቃል።

ኩባንያዎቹ ደንባቸውን በአማርኛ ሲያወጡ የሚጽፉትን ቃል መምረጥ የኛ እጅ ላይ አይደለም። የኛ እጅ ላይ ያለው ብዙ ነው። ዜና የሚጽፍ ጋዜጠኛ «ታገደ» ከማለቱ በፊት ማን፣ ምኑን፣ ለስንት ጊዜ ብሎ ጠይቆ መልሱን በዚያው ዓረፍተ ነገር ማስገባት ይችላል፤ ሁለት መሥመር አይወስድም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ መምህራን ይህን መዝገብ አጥርተው ለተማሪ ቢያስተምሩት ሥራቸው ነው። ከሁሉ ቅርብ ያሉት ግን በየከተማው የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው፤ የተመራቂዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የነጋዴዎች፣ የዕድር ግሩፕ። ዕድሩ ራሱ በመተዳደሪያ ደንቡ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ መቀጮ፣ መጨረሻ ላይ ስረዛ ብሎ ጽፏል፤ የተሰረዘ አባል እንዴት ተመልሶ እንደሚገባም ይደነግጋል። በዚያው ዕድር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን አንድ አባል ባልታወቀ ምክንያት፣ ባልታወቀ እጅ «ሪሙቭ» ይደረጋል፤ ለቀብር መልእክት የሚደርሰው እዚያው ስለሆነ ቀብር ያመልጠዋል። ደንቡን ወደ ግሩፑ መገልበጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፦ ጽሑፍ ሲነሣ «ተነሥቷል» ከነምክንያቱ፤ ሰው ለጥቂት ቀን ዝም እንዲል ሲደረግ «እስከዚህ ቀን እንዳይጽፍ ተገድቧል»፤ ሰው ሲወጣ «ተሰርዟል፣ አቤቱታ ለሊቀ መንበሩ»።